ለደቻቱ የተፋጠነ ፈቃድ ይሰጥልኝ

እኔ የከዚራ ነዋሪ፣ የአንድ ሮቶና የአንድ ፓምፕ ባለቤት፣ የሚከተለውን ለሕግ አውጪዎች በአክብሮት አቀርባለሁ፦ ውሃን ወደ ከፍታ ገፍቶ፣ መልሶ እያወረደ መብራት ለሚያመነጭ ጣቢያ ፈቃድ የሚያፋጥን አዋጅ ይውጣ፤ የመጀመሪያውም ፈቃድ ለድሬዳዋ ይሁን።

አሠራሩ ለድሬ ሰው እንግዳ አይደለም። ኃይል ሲተርፍ ውሃውን ከታችኛው ግድብ ወደ ላይኛው ያወጡታል፤ ኃይል ሲያጥር ተርባይን ላይ ይለቁታል። እኛስ? ሌሊት መብራትና ውሃ አንድ ላይ የመጡልን እንደሆነ ከእንቅልፋችን ዘለን ተነስተን ፓምፕ እናስነሳለን፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል፤ ሲነጋ በቧንቧ ይወርዳል። የጎደለን ተርባይኑ ብቻ ነው። አስልቼዋለሁ፦ 6 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 16 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። ከብክነት የተረፈው አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ እስኪል ያበራል። ለእራት ይበቃል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን ባለ 3,003 ሜጋ ዋት የባዝ ካውንቲ ጣቢያ ለአንድ ሰዓት ለመተካት ደግሞ ከ180 ሚሊዮን በላይ ሮቶ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ አንድ አንድ ደርሶ ይተርፋል። የጣሪያው ጥንካሬ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

«የበላውን ያህል አይመልስም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ከ100 እጅ ኃይል የሚመለሰው ከ70 እስከ 80 እጅ ነው። ግን 100 ብር አበድሮ 80ው የተመለሰለት ሰው ተበዳሪውን ይመርቃል እንጂ ይከሳል?

ወደ ሕጉ ልምጣ። ሮቶዬ ላይ ተርባይን ገጥሜ መብራት ልሽጥ ብል፣ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት አመንጭቶ መሸጥ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የተረዱት አሜሪካኖች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ ከሚፈስ ወንዝ ጋር ዘወትር ላልተገናኙ ጣቢያዎች የፈቃድ ውሳኔ በሁለት ዓመት ገደማ እንዲሰጥ አሰቡ። ቅድመ ሁኔታውን ሳነብ ደቻቱ ፊቴ ድቅን አለ። ከሚፈስ ውሃ ጋር ያልተገናኘ! ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዛችን ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ጋር አይተዋወቅም፤ በአሸዋው ላይ ሰውም ግመልም እግሩ ሳይርስ ይሻገራል። የሰው አገር መሐንዲሶች ከወንዝ ለመራቅ ይደክማሉ፤ ለእኛ ወንዙ ራሱ ርቆልናል።

የላይኛው ግድብስ? ደንገጎን ወጣ ሲሉ ሐረማያ አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ድሬ 1,200 ገደማ። በዚህ ልዩነት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ2 ኪሎ ዋት-ሰዓት በላይ ይሸከማል፤ የእኔን ሮቶ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። እርግጥ ሐረማያ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደርቆ ነበር። ከእሱ ትጠጣ የነበረችው ሐረርም ውሃ ስታጣ፣ በድሬ በኩል ካለው አሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ተራራውን አስወጥታ መጠጣት ጀመረች። ተቺ ይህን ችግር ይለዋል። እኔ ግን ፕሮጀክቱ ግማሽ ደርሷል እላለሁ፤ ማውጣቱን ችለንበታል። የወጣው ውሃ እዚያው ስለሚጠጣ አይመለስም እንጂ።

አዋቂ ነን የሚሉም አልጠፉም። የኢትዮጵያ ግድቦች ራሳቸው የኃይል ጎተራ ናቸው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋ ዋቱ ሕዳሴ ኃይል በማይፈለግበት ሰዓት ውሃውን ይዞ መቆየት ነው፣ ማመላለስ ምን ያደርግለታል ይላሉ። ልክ ናቸው። አዋጁ መፋጠን ያለበትም እነሱ የሚሉት ሳይሰማ ነው።

የከበደኝ የጎረቤቴ የእትዬ ጥያቄ ብቻ ነው። ረቂቁን ሳነብላቸው ቡናቸውን አስቀምጠው «አቦ፣ ደቻቱ ሲወርድ ማንን አስፈቅዶ ያውቃል?» አሉኝ። በ1998 ክረምት፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ያ ደረቅ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። መልስ ስላልነበረኝ ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አድርጌ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍኩ።

ረቂቁ አጭር ነው።

አንቀጽ 1፦ ፈቃዱ ማመልከቻ በገባ በሁለት ቀን ይሰጣል።

አንቀጽ 2፦ ውሃው የሚመጣበት ጊዜ ገደብ አይደረግበትም።

አንቀጽ 3፦ ፈቃዱ በሚታተምበት ወቅት መብራት ከጠፋ፣ የጠፋበት ሰዓት ከሁለቱ ቀን አይቆጠርም።