ጄኔቫ በጨፋ ሮቢት

ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን አይደለም፤ ሦስት ሰዓት ሲሆንም አይደለም፤ ሲሞላ ነው። ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሾፌሩ መሪው ላይ ክንዱን ጣል አድርጎ ይጠብቃል። በዚያ ክንድ ላይ ታዲያ የሴኮንድን አንድ አምስተኛ የሚለካ ሰዓት ታስሯል። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ሴኮንድ እንደታለፈ ለክቶ የመኪናን ፍጥነት ለማወቅ የሚያገለግሉ ናቸው። ሰዓቱ በበኩሉ ዝግጁ ነው። የቀረው ሚኒባሱ ነው።

ይህን አይቶ የሚስቅ ሰው ዘመኑ ያልገባው ነው። ሰዓት ለማወቅ ሰዓት ማሰር ድሮ ቀርቷል። ዛሬ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው፤ ስልኩም ጊዜውን ከኔትወርክ ስለሚቀበል አስተካካይ አይፈልግም። ስልክ ማውጣት የሰለቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ የወጣውን ካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ ወይም አስመስለው የሠሩትን ገዝቶ ያስራል። ዋናው ካሲዮ በአንድ ባትሪ ሰባት ዓመት ያህል ይሄዳል፤ በወር ቢዛነፍ ከ30 ሴኮንድ አያልፍም። ግን እሱ የድሃ ሰዓት ነው። በትክክል የሚሠራ ሰዓት ደግሞ ማንን አስከብሮ ያውቃል?

ክብሩ ያለው በጥንቱ ሜካኒካል ሰዓት ነው። በባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው ኳርትዝ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ የጥንቱ ማሽን አምስት ጊዜ ቱክ ቱክ ካለ ይበቃዋል። ሴኮ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ ሲያቀርብ የስዊዝ ሰዓት ፋብሪካዎች ጉድ ፈላባቸው። በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ሠራተኛ ከሥራው ተፈናቀለ። አንዳንዶቹ የተረፉት ግን ስሕተታቸውን አርመው አይደለም፤ ስሕተቱን ቅርስ ብለው በእጥፍ ዋጋ መሸጥ ስለቻሉበት ነው። ይህ እንኳ ሊያስመሰግናቸው የሚገባ ነው።

ጨፋ ውስጥ የዚህ ፍቅር ቁንጮ ሴኮ ፋይቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረ፣ ባትሪ የሌለው፣ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ነው። አካባቢው ልጆቹን ወደ ሳዑዲ ሲልክ የኖረ በመሆኑ ከጂዳና ከሪያድ በሻንጣ የገባ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ዕለቱን በእንግሊዝኛም በዐረብኛም ያሳያል። ሲሞላ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ባለቤቱ ቅዳሜና እሑድ ሳያስረው ከዋለ ሰኞ ማለዳ ቆሞ ያገኘዋል። መሙያዋን አሽከርክሮ እንዳይሞላው፣ የድሮዎቹ ሴኮ ፋይቮች በአብዛኛው በእጅ አይሞሉም። ስለዚህ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ወተት ቅል ይንጠዋል። ናጥ ናጥ ያደርገውና ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። ቱክ ቱክ ሲል ፊቱ ይበራል። ከዚያስ? ከዚያማ ትራሱ ሥር ያለውን ስልክ አውጥቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያይና ሴኮውን ያስተካክላል። ስልኩ ወደ ኪስ ይገባል፤ እጅጌው ይሰበሰባል፤ ያን ቀን «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ መልስ የሚያገኘው ከሴኮው ነው።

የንባቡም ጥበብ አይናቅም። ብዙ ሰው ሰዓቱን በፈረንጅ ይሞላና በሐበሻ ያነባል። ትንሿ ቆጣሪ 9 ላይ ስትሆን ከፊት ለፊቷ ያለውን 3 ያያል፤ 1 ላይ ስትሆን 7ን። ስዊሶች የሁለት አገር ሰዓት ለማሳየት አንድ ተጨማሪ ቆጣሪ ይሰኩና ሺህ ፍራንኮች ይጠይቃሉ፤ እዚህ ዓይንን ማሻገር በቂ ነው። ጨፋ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ዙሪያ ትወጣለች። በበጋ ከብቱን ነድቶ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚመጣው የአፋር አርብቶ አደር ቀጠሮው ከሣሩ ጋር ነው። እሱ ቢያረፍድ ከብት ያልቅበታልና አያረፍድም። የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ባዶ ክንዱን ነው።

ለነገሩ የሰዓት ፍቅሩ ከላይ የወረደ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ ምልክት ያለበትን የእጅ ሰዓት ለሽልማት ይሰጡ ነበር። ለራሳቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ተበረከተላቸው፤ የሞዴሉ ቁጥር 2497 ነው። ይህ ሰዓት ዕለቱን፣ ቀኑንና ወሩን ያሳያል፤ የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ለይቶ ያውቃል፤ ሳይቆም ከሄደ እስከ 2100 ድረስ አራሚ አይሻም። የማያውቀው ጳጉሜን ብቻ ነው። የ13 ወር ፀጋ አገር ንጉሠ ነገሥት ክንድ ላይ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚቆጥር «ዘላለማዊ» የዘመን መቁጠሪያ ታሰረ፤ ደፍሮ የተናገረ ባለሟል የነበረ አይመስልም። ያው ሰዓት በኅዳር 2010 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ሊጫረት ሲል ከንጉሡ ቤተሰብ ተቃውሞ ተነሳና ከጨረታው ወጣ።

ጨረቃ የምታሳየዋ ሰዓትም እንደዚያው ናት። በተለመደው ሰዓት ውስጥ ጨረቃዋን የሚያዞረው ጎማ ጥርሱ 59 ስለሆነ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ያህል ትስታለች። ከሚሴ ውስጥ ግን ረመዳን የሚገባውም ዒድ የሚወጣውም ጨረቃ ታይታ ነው። ታየች አልታየችም እየተባለ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ በተጣደበት ማታ፣ ክንዱን ዘርግቶ «እኔ ዘንድ ወጥታለች» የሚል ባለ ሰዓት እስካሁን አልተሰማም። በመቶ ሺህ ብር የተገዛች ጨረቃ ለምስክርነት አትበቃም።

የጠላቂ ሰዓት ያሰሩትማ አይቻሉም። እስከ 200 ሜትር ውኃ አያስገባም ተብሎ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የደቡብ ወሎው ሐይቅ ራሱ ጥልቀቱ 100 ሜትር አይሞላም፤ ሰዓቱ እዚያ ቢሰምጥ እንኳ ግማሹ ችሎታ ሳይነካ ይቀራል። ባለቤቱ የቦርከናን ወንዝ ሲሻገር ሱሪውን ወደ ላይ ይሰበስባል፤ ሰዓቱን ግን እንዳይረጥብበት አውልቆ ኪሱ ይከተዋል።

የሰዓት ሰብሳቢዎች ዘንድ ደግሞ ጥቁር መደቡ ፀሐይ መትቶት ቡናማ የሆነ ሰዓት ካልደበዘዘው ይልቅ ይወደዳል። በዚህ ስሌት ከሚሴ የዓለም ሀብት መናኸሪያ ናት፤ በየሱቁ በር ተሰቅሎ የከረመ ሸሚዝ ሁሉ ጄኔቫ ይላክ። የተዋናዩ ፖል ኒውማን ያገለገለ ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ፣ የባቲ ነጋዴ ሰኞ ሰኞ ግመል እየሸጠ የሚደክመው ለምንድን ነው?

የሰዓት ትክክለኛ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ግን ስብሰባ ላይ ነው። ጥሪው ከጠዋቱ 2:30 ይላል። ካሲዮ ያሰረው መምህር 2:20 ላይ ተገኝቶ ወንበር ይደረድራል። ምንም ያላሰሩት እናቶች 2:30 ላይ ይደርሳሉ። ሴኮ ያሰረው 3:30 ይገባል። የወርቅ ቅብ ሰዓት ያሰሩት የክብር እንግዳ አዳራሹን የሚረግጡት 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። መድረኩ ላይ ይሰየማሉ፣ እጅጌያቸውን ገለጥ ያደርጋሉ፣ ሰዓታቸውን በጥሞና ይመለከታሉ፤ ከዚያም «ካለን የጊዜ እጥረት አንጻር» ብለው ይጀምራሉ።

በረንዳ ላይ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ የሚሠራው ሰዓት ሠሪ የሚኖረው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው፤ ሜካኒካል ሰዓት ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ መግጠም የሚችለው በየከተማው እየተመናመነ ነው። የጥንት ሰዓት ወዳጁ ስለ ስዊዝ የእጅ ጥበብ ሻይ ቤት ሲያወራ እንባው ይቀርባል፤ ለዚሁ ጥበብ እዚህ በረንዳው ላይ 500 ብር ሲጠየቅ ግን «ኧረ 200 ይበቃሃል፣ ዘይት ጠብ ማድረግ እኮ ነው!» ይላል። ተከራክረው በ300 ይስማማሉ። ሠሪው «ነገ 4 ሰዓት ላይ ና፣ ከዚያ በኋላ ገበያ እሄዳለሁ» ይለዋል። ደንበኛው በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል። ሠሪው ገበያውን ትቶ ሲጠብቀው ውሏል። ደንበኛው ሰዓቱን ተቀብሎ ያገላብጣል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ከስልኩ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ በቀን አንድ ደቂቃ ከቀደመ መልሶ እንደሚያመጣው አስጠንቅቆ ይሄዳል።