እሱ አይጠየቅም፣ ሚስ

ኧረ ይሄ «ንባብ በስልክ» የሚሉት ነገር አሰለቸን! ወላጅ ያማርራል፣ መምህር ያማርራል፣ ልጆቹም በአቅማቸው ያማርራሉ። መስከረም በጠባ ቁጥር ግን ትምህርት ቤቱ አንድ አዲስ «የንባብ ፕላትፎርም» ይዞ ከች ይላል። ስሙ ይለወጣል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ የሚያጨበጭብላቸው እንስሳ ከጉጉት ወደ ቀበሮ ይዛወራል፤ ጣጣው ያው ነው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ አማርኛ አስተምራለሁ። አንብቦ መረዳት የሚባለው ነገር እንጀራዬ ነው፤ ዘንድሮ ግን እንጀራዬን በሊንክ ነው የምበላው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፤ በዓመቱ 3.2። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ ሲባልስ ማን ደፍሮ እልል ይላል? ወላጅ ደነገጠ፤ የደነገጠ ወላጅ ባለበት ደግሞ ሻጭ አይጠፋም። «የልጅዎን የመረዳት ችሎታ በሦስት ወር» የሚል ብሮሸር ይዞ ይመጣል፣ ዳይሬክተሩ ይፈርማሉ፣ ክፍያው ከወርሃዊው ላይ ይደመራል።

እስቲ ከመግቢያው እንጀምር። ልጁ ለማንበብ ፓስዎርድ ይፈልጋል። ፓስዎርዱ ያለው አባቱ ስልክ ላይ ነው፤ አባቱ ቤት የሚገባው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ገባ እንበል። «የማረጋገጫ ኮድ ልከናል» ይላል፤ ኮዱ የሚደርሰው ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። ደረሰ እንበል፤ ፓኬጁ አልቋል። በቴሌብር ተገዛ እንበል፤ መብራት ጠፋ። በማግስቱ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክቱ ይደረደራል፦ «ሚስ፣ ሊንኩ አልከፍት አለ»፣ «ሚስ፣ የኔ ልጅ አንብቧል ግን ዜሮ ይላል»፣ «የኔ እህት፣ በእናትሽ ምንባቡን ስክሪንሾት አድርገሽ እዚሁ ብትለጥፊልን?» እለጥፋለሁ። እናቶቹ ያንን ፎቶ ሰፈራቸው ያለ ኮፒ ቤት ወስደው ያሳትሙና ለልጃቸው በወረቀት ይሰጡታል። በወረቀት! ያን ሁሉ ብር ከፍለን።

የፊደሉ ነገርማ ብቻውን ደም ብዛት ያስይዛል። «ባዶ ቦታውን ሙላ» ይላል ጥያቄው። ልጅቱ አንብባ፣ ገብቷት፣ «ፀሐይ» ብላ በፀሐዩ ፀ ትጽፋለች። ማሽኑ ጋ የተቀመጠው መልስ በጸሎቱ ጸ ኖሯል። ቀይ ኤክስ! ለኮምፒውተር ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ሰው ካልነገረው በምን ያውቃል? የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው። አቤት ብለን ጻፍን። «አስተያየታችሁን ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ፤ እሱም በእንግሊዝኛ። ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ድምፅም አለ። የቱ እንደሚጠብቅ የቱ እንደሚላላ ስለማያውቅ፣ ልጆቹ የሚስቁት በተረቱ ሳይሆን በአነባበቡ ነው።

ይሁን፤ ይህ የመሣሪያ ጣጣ ነው፣ አንድ ቀን ይስተካከላል እንበል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ለአምስተኛ ክፍሎች አንድ ምንባብ ተላከላቸው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንድ ገበሬ ሴት ልጁን ከተማ ልኮ ለማስተማር ያለችውን አንድ በሬ ይሸጣል። ከሥሩ አምስት ጥያቄ፣ ባለ አራት ምርጫ። አንዱ ልጅ በትምህርት ቤቱ ታብሌት ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ምንባቡን ከቁብም አልቆጠረው፤ በአውራ ጣቱ ሸርተት አድርጎ አለፈውና ቀጥታ ጥያቄው ላይ ወረደ። «ገበሬው በሬውን ለምን ሸጠ?» ይላል። ወደ ላይ ተመለሰ፤ «ሸጠ» የምትለዋን ቃል በዓይኑ አደነ፤ አገኛት፤ ከጎኗ «ልጁን ለማስተማር» የሚል አለ፤ ወረደና «ሐ»ን ነካ። ርችት ተተኮሰ። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አምስት ከአምስት! ቀበሮው ጅራቱን ቆላለት፤ «ጎበዝ አንባቢ» የሚል ሜዳሊያ ከላይ ወረደለት።

«ጎበዝ» አልኩት እኔም። «እሺ፣ በሬውን ከሸጠ በኋላ መሬቱን በምን ሊያርስ ነው?»

ልጁ ታብሌቱን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ። «እሱ አይጠየቅም፣ ሚስ።»

እውነቱን ነው። አይጠየቅም። መልሱ ምንባቡ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ካልሆነ ማሽኑ ሊያርመው አይችልም፤ ሊያርመው የማይችለውን ደግሞ አይጠይቅም። ልጆቹ ይህን ከኛ ቀድመው ነቅተውበታል።

ከኋላ ወንበር ግን አንዷ፣ ክረምት ክረምት ሰላሌ አያቷ ዘንድ የምትሄደው፣ እጇን እንኳ ሳታወጣ «ድሮስ በአንድ በሬ ተጠምዶ ይታረሳል እንዴ? ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው እንጂ!» አለች። ክፍሉ ተናወጠ። መቀናጆ ምን እንደሆነ ለማያውቁት እሷው አስረዳች። ታዲያ ጎረቤትየውስ? የሱም በሬ ብቻውን ቀረ ማለት አይደለም? ገበሬው ከመሸጡ በፊት አማክሮት ነበር? ልጅቷስ ከተማ ሆና ይህን ስትሰማ ምን ይሰማታል? ምንባቡ ላይ ስለ ጎረቤት አንዲት ቃል የለችም፤ ልጆቹ ግን ደወሉ እስኪደወል ተከራከሩበት። ታብሌቱን ገልብጠው ያስቀመጡት ያኔ ነው፤ ምንባቡን እንደገና ገልጠው ያነበቡም ነበሩ፤ «እስቲ የት ላይ ነው አንድ በሬ የሚለው?» እያሉ።

ያቺ ልጅ ፕላትፎርሙ ላይ ያመጣችው ሦስት ከአምስት ነው። ሪፖርቱ «ድጋፍ ያስፈልጋታል» ይላል፤ ለእናቷም እንደዚያው ተልኮላቸዋል። «ሚስ፣ አስጠኚ ልቅጠርላት እንዴ?» ብለው ሲደውሉልኝ ምን ልበላቸው?

ሪፖርት ካነሳን ደግሞ፣ በየዓርቡ የሚመጣውን «የንባብ ደቂቃ» እዩልኝ። ስልኩ ገጹ እንደተከፈተ ሶፋ ላይ ከተረሳ፣ ለማሽኑ ልጁ እያነበበ ነው። ተከታታይ ቀን ይቆጥራል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ቀበሮውም ያለቅሳል። ቀበሮው እንዳያለቅስ ብላ ከመገናኛ ሰሚት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የልጇን ምንባብ ገጽ የምትገልጥ እናት አለች፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ልጁ በዚያ ሰዓት ኳስ ሜዳ ነው። «የወሩ አንባቢ» ተብሎ ምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ እናትየዋ በፍትሕ ቢሆን የሷ ነበር። ትልልቆቹማ ተራቅቀዋል፤ ምንባቡንም ጥያቄውንም ኮፒ አድርገው ለቻትጂፒቲ ይሰጡታል። አንዱ ማሽን ይጠይቃል፣ ሌላው ማሽን ይመልሳል፣ ልጁ በመሃል አመላላሽ ሆኖ ቀረ።

በስክሪን ተስፋ ስናደርግ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። ፕላዝማን ያየ ያውቀዋል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር። የስክሪኑ መምህር ይጠይቅና ትንሽ ደቂቃ ይሰጣል፤ ማንም ሳይመልስ አመስግኖ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. ገደማ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ የገጠር ልጆች ታብሌት ከነሶላር ቻርጀሩ በታሸገ ሣጥን ትቶላቸው ሄደ። ያለ መምህር። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙት፣ በሁለት ሳምንት ኤቢሲዲን ዘመሩ፣ በአምስት ወር ውስጥ የተቆለፈውን ካሜራ አስከፈቱት። ዓለም አጨበጨበ። ብልሃታቸው ያኮራል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ መዝፈንና ያነበቡትን መረዳት ለየቅል ናቸው፤ እነዚያ ልጆች ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው።

የመምህር እልህ ነው እንዳትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ሥራ 54 ጥናቶችን፣ ከ170,000 በላይ አንባቢዎችን ደምሮ አይቶታል። መረጃ ሰጪ ጽሑፍን በወረቀት ያነበበው በስክሪን ካነበበው የተሻለ ይረዳል፤ ልዩነቱ የሚብሰው ሰዓት ሲቆጠርበት ነው። የኛ ፕላትፎርም ከላይ በቀኝ በኩል ምን አለው? ቆጣሪ ሰዓት፤ ሲያልቅ ቀይ የሚሆን። (በተረትና በልብ ወለድ ላይ ልዩነቱ አልታየም፤ እሱንም መናገር ደግ ነው።) ሁሉ የሞላላት ስዊድን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ለትምህርት ቤት መጻሕፍት መግዣ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድባ ፊቷን ወደ ወረቀት መልሳለች። እኛ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ገና ሳይታተም በፒዲኤፍ የተቀበልን ሰዎች ነን፤ ወረቀቱን መቼ ጠገብነውና ነው የምንሸሸው?

ሰው ደግሞ ያለ ስክሪንም ሠርቶ አሳይቷል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የነበራቸውን የቤተ መጻሕፍት ሥራ ትተው መጥተው በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። አህያው ፓስዎርድ አልጠየቀም፤ ደቂቃም አልቆጠረም።

በቀደም ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። «ምርጫ የሌለው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመርበት፤ ልጁ የመሰለውን ይጻፍ፣ እኔ አነበዋለሁ» አልኩ። ከሻጩ ወገን የመጣው ወጣት በጣም ትሑት ልጅ ነው፤ «ገብቶኛል መምህርት፣ ግን እሱ ዳሽቦርዱ ላይ አይወጣም» አለኝ። ዳይሬክተራችን አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ለኔ ይሁን ለሱ አልለየሁትም። ሳይንስ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ስብሰባው ቶሎ ካላለቀ ሰርቪስ ያመልጠናል ማለቱ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሌላ ፕላትፎርም ይመጣል ተብሏል። የዚህኛው እንስሳ ዝሆን ነው። ሥልጠናው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ አበል የለውም፤ ጄኔሬተሩ ስለተበላሸ ሁሉም ስልኩን ቤቱ ቻርጅ አድርጎ እንዲመጣ፣ ለማንኛውም ደብተርና እስክሪብቶም እንዲይዝ ታዘናል።