ስለ እረኛና ስለ ማይክሮፎን

በቀድሞ ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ለመመርመር በፈለጉ ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል። ነገሩን ላስተዋለ ሰው ጥበብ ያለበት ጥያቄ ነው። በሹም ፊት የቆመ ባለጉዳይ ቃሉን አጥቦና አጥኖ ያቀርባል፤ ደብተራው አሳቡን በሰም ሸፍኖ ያሳልፈዋል፤ አዝማሪውም ቢሆን የሚሸልመውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ነው የሚያዜመው፤ እረኛው ግን ከላሞቹ በቀር ሰሚ ያለው ስለማይመስለው በሆዱ ያለውን ሁሉ በሜዳው ላይ ለቆት ይውላል። እረኛ ከሌላው ፍጡር ተለይቶ ጻድቅ ሆኖ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው መኖሩን ባለማወቁ ብቻ ነው።

ዛሬም በአዲስ አበባ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሹም ቢገኝ መልስ አያጣም፤ ላሞቹ ከከተማው ቢርቁም እረኛው ታክሲ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧልና። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ሚኒባስ ሞልቶ፣ ረዳቱም «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛውን ካስቀመጠ በኋላ፣ በዚያ ውስጥ የማይመረመር የመንግሥት ሥራ፣ የማይሻር ሹመት፣ ዋጋው የማይተመን ሸቀጥ የለም። እንደ እኔ አስተያየት ከመገናኛ እስከ አራት ኪሎ የሚደረገው ጉባኤ በየአዳራሹ ከሚደረገው የሚበልጥበት አንድ ትሩፋት አለው፤ ይኸውም ተናጋሪው ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን «ወራጅ አለ» ያለ ጊዜ ንግግሩ በግድ ማለቁ ነው።

የዚህ ጉባኤ መምህራን ስልታቸው አንድምታ ነው። ራዲዮኑ «የነዳጅ አቅርቦቱ በቂ መሆኑ ተገለጸ» ብሎ አንዲት ቁጥር ንባብ ያነበበ እንደ ሆነ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሊቅ «አንድም ሊወደድ ነው» ይላሉ፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት እመቤት «አንድም ከነገ ጀምሮ አይገኝም» ብለው ያመሠጥራሉ፤ ሾፌሩ ግን ሌሊቱን በነዳጅ ሰልፍ ላይ አድሮ የመጣ ስለ ሆነ፣ ትርጓሜ ሳያስፈልገው ንባቡን ብቻ ሰምቶ ይስቃል።

ይህ የማመሥጠር ልማድ በአንድ ቀን የመጣብን አይደለም። ዜና በአገራችን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የኖረ ነገር ነው። ነጋሪት ተጎስሞ ዐዋጅ ሲነገር ሕዝቡ አደባባይ ላይ ሰምቶ፣ ምሥጢሩን ማታ ምድጃ ዳር ይፈታ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በእጅ ጽሕፈት የጀመረችው አእምሮ ጋዜጣ፣ በ1917 ዓ.ም. የወጣው ብርሃንና ሰላም፣ ጠላት እንደ ተባረረ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ለማሰማቱ ሲተጉ መልሶ የመስማቱ ነገር ግን ብዙም አላሳሰባቸውም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ወጥቶ ጋዜጣው እንደ አሸን በፈላበት ዘመን እንኳ፣ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብ የነበረው ሰው አዲስ ነገር ለማወቅ የሚደክም አይመስለኝም ነበር፤ እርሱ ቀድሞ ያወቀውን ጋዜጣው ደፍሮ መጻፉን ለማረጋገጥ ነበር የሚያነበው።

አሁን ግን ጊዜው ተለውጦ የየጣቢያው ጋዜጠኛ «የነዋሪዎች አስተያየት» ለመሰብሰብ ማይክሮፎን ይዞ መንገድ ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የከተማውን ወሬ ሁሉ በጠቀለለበት ሰሞን፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽበታም አባት «መንገዱስ አምሯል፤ ዓይን ያየው አይካድም፤ ነገር ግን ታክሲ መያዣውን ወዲያ ማዶ ወስደው በዚህ ጉልበቴ ሽርሽር አስጀመሩኝ! ለብስክሌትም ተሠርቷል ይላሉ፤ ብስክሌቱን ማን ሊገዛልኝ ነው?» ይሉ ጀመር። ከፊት የነበረች ወጣት ዞር ብላ «አባባ፣ እኔ ደግሞ አምሽቼ ከሥራ ስወጣ መብራቱን ተማምኜ ነው የምሄደው፤ እሱንስ ምን ይሉታል?» አለቻቸው። «እሱማ መልካም ነው ልጄ፤ መብራቱን መቼ ጠላሁ! ግን ሠላሳ ዓመት ቡና የተጣጣነው ጎረቤቴ ቤቱ ፈርሶ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ መብራቱ እሱን አላሳየኝም» ብለው መለሱላት። ጥናት አጥኑ የተባሉ ሰዎች ብዙ ገጽ ጽፈው የማያገኙትን ሚዛን ሁለቱ በአንድ ፌርማታ ውስጥ አገኙት።

ከታክሲው እንደ ወረድን አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን ዘርግቶ እኚህኑ አባት ስለ መንገዱ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው። እርሳቸውም የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለ ሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በተሠራው ሥራ እጅግ በጣም ደስ ብሎናል፤ የሚታዩት ጥቃቅን ችግሮችም በሂደት እንደሚፈቱ ጽኑ እምነት አለን» ብለው እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ሳይደናቀፉ አነበነቡት። ጉልበታቸውም፣ ጎረቤታቸውም፣ ያመሰገኑት መብራት እንኳ ሳይቀር ታክሲው ውስጥ ቀርቶ ሄደ።

እኚህን አባት ውሸታም ብዬ አልወቅስም። ማይክሮፎን ፊት የቆመ ሰው በሠርግ ቤት ተነሥቶ እንደሚመርቅ ሽማግሌ ነው፤ ሙሽራውን ቢያውቀውም የሚያውቀውን ለመናገር አልተጠራም። በእጅ ስልኩ ራሱን እየቀረጸ በቲክቶክ የሚሰብከው ጎልማሳ ደግሞ ምርቃቱን በእርግማን ለወጠው እንጂ ከዚህ የተለየ ሥራ አልሠራም፤ አንዱ ሹሙ ደስ እንዲለው ያመሰግናል፣ ሌላው ተመልካቹ እንዲበዛለት ይራገማል፤ ሁለቱም ያሰቡትን ከመናገራቸው በፊት የሰሚውን ፊት አይተዋል።

ስለዚህ መንግሥት የሕዝቡን አሳብ በእውነት ማወቅ ከሻ፣ ካሜራውን ትቶ ዝም ማለት የሚችል አንድ ሹም በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቢያቆም ይበጀዋል ባይ ነኝ። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ሹመቱ እንደ ጸደቀ ሹሙ ቢሮ ያስፈልገዋል፤ ቢሮ ያለው ሰው ጸሐፊ፣ ጸሐፊ ያለው ሰው መኪና ያስፈልገዋል፤ መኪና የተሰጠው ሰው ደግሞ በታክሲ ውስጥ የሚባለውን ለማወቅ በመስኮት አሻግሮ ከማየት በቀር መንገድ ስለማይኖረው፣ የሕዝቡን አስተያየት እየሰበሰበ የሚያቀርብለት ባለሙያ መቅጠሩ አይቀርም፤ ባለሙያውም በጀት የተፈቀደለት ዕለት አስቀድሞ የሚገዛው ዕቃ ማይክሮፎን ነው።