የሐይፋ የከርሰ ምድር ፈጣን ባቡር አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ሞዐ አቀበት ዘእምነገደ ፌርማታ! እኛ፣ ከሀዳር እስከ ክራዮት ቆመን አውቶቡስ በመጠበቅ ሥልጣን የተቀዳጀን የሐይፋ ነዋሪዎች፤

ሐይፋ ትሠራለች፣ ኢየሩሳሌም ትጸልያለች፣ ቴል አቪቭ ትጨፍራለች እያለ አገሩ ሁሉ ስለሚተርት፣ አንድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን እንዳያደርስ ያገደው መንገዱ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ፤

በ1905 ከሐይፋ ደርዓ በገባው ሐዲድ አያቶች ደማስቆ ይዘልቁ እንደነበር፣ ኋላም ካይሮና ቤይሩት በባቡር ይደረስ እንደነበር እየታወቀ፣ የልጅ ልጆቻቸው ግን የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ከፊት የቆመውን መኪና ታርጋ በቃላቸው ስለያዙ፤

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ሐይፋ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ከሐይፋ ኢየሩሳሌም ደግሞ ዳግመኛ በባቡር ሲሄዱ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣነው ወገን ብዙው ደግሞ ኋላ ሱዳን ድረስ በእግሩ የተጓዘ በመሆኑ፣ «መንገድ ረዘመብኝ» ብሎ በከንቱ የሚያማርር ሕዝብ አለመሆናችን ስለተረጋገጠ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሐይፋ፣ የቴል አቪቭና የኢየሩሳሌም የከርሰ ምድር ፈጣን ባቡር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ርዕሱ አጭር የተባለው ከግንባታው ዘመን ጋር ተነጻጽሮ ነው።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

ሀ. «ዓመት» በአውሮፓ አቆጣጠር የሚቆጠር ሲሆን፣ ሥራው የሚያልቅበት ጊዜ ግን በትውልድ ይቆጠራል።
ለ. «በቅርቡ» ማለት ይህን የሚያነበው ሰው ልጅ በራቭ ካቭ የጉዞ ካርዱ ላይ የጡረተኛ ቅናሽ የሚያገኝበት ቀን ነው።
ሐ. «ተሳፋሪ» ማለት ቤቱም ቢሮውም ከጣቢያ አጠገብ የሆነለት ሰው ነው። የቀረው ሕዝብ «መንገደኛ» ይባላል።

አንቀጽ 3፦ የአገር ውስጥ ተሞክሮ

ሐይፋ ለምድር ውስጥ ጉዞ እንግዳ አይደለችም። ካርሜሊት የተባለው ባቡሯ ከ1959 ጀምሮ ከፓሪስ አደባባይ እስከ ጋን ሀኤም 1.8 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ 274 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ስድስት ጣቢያዎችም አሉት። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ የብረት ገመድ ስለታሰሩ አንዱ ካልወረደ ሌላው አይወጣም፤ ይህ ሕግ ለሹመትም እንዲሠራ ታዝዟል። ተራራው ቀጥ ያለ ነውና የፉርጎው ወለል ራሱ ደረጃ ነው። ከታልፒዮት ገበያ ሽንኩርትና ድንች ጭነው የሚመለሱ እማማ አንዱ ደረጃ ላይ ቆመው፣ ባለ ጎማ ከረጢታቸው ቁልቁል እንዳይከዳቸው በእግራቸው ደግፈው ይዘው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። በአዲሱ ባቡር ከረጢቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ስለሚፈጥን የእማማ እግር በጥናቱ ይካተታል።

ካርሜሊት በ1986 ለእድሳት ተዘግቶ በ1992 ተከፈተ። በፌብሩዋሪ 2017 እሳት ተነሥቶበት እንደገና ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 2018 ነው። ለ1.8 ኪሎ ሜትር እድሳት ስድስት ዓመት ከፈጀ፣ ቴል አቪቭ ለሚደርስ 90 ኪሎ ሜትር ስንት ይፈጃል ብሎ ያሰላና 300 ዓመት ያገኘ ሰው፣ ሒሳብ በመቻል ወንጀል ይጠየቃል።

አንቀጽ 4፦ የውጭ ተሞክሮ

ስዊዞች አየሩ በተመጠጠ ዋሻ ከተሞቻቸውን ለማገናኘት ከ1974 ጀምሮ አስበው፣ ስዊስሜትሮ የተባለው ኩባንያቸው በ2009 ፈረሰ። ተመሳሳይ ሐሳብ የነበረው ሃይፐርሉፕ ዋን የተባለ ኩባንያም በ2023 መጨረሻ በሩን ዘጋ። አብዛኛው መንገዱ ዋሻ የሆነው የጃፓኖች የቶኪዮ–ናጎያ ባቡር በ2027 ይጀምራል ተብሎ ቀኑ ተገፍቷል። የእኛም ጠቅላይ ሚኒስትር በጁላይ 2023 ከኪርያት ሽሞና እስከ ኤላት የሚዘረጋ የ100 ቢሊዮን ሰቅል የባቡር ዕቅድ አብሥረዋል። ከሁሉም የተወሰደው ትምህርት አንድ ነው፦ ቀን ያልቆረጠ አይዘገይም፣ ገንዘብ ያልጠራ ከበጀት አያልፍም። ስለዚህ ይህ አዋጅ ቀንም ገንዘብም አልያዘም።

አንቀጽ 5፦ ፍጥነት

ከሐይፋ ቴል አቪቭ 20 ደቂቃ፣ ከሐይፋ ኢየሩሳሌም 40 ደቂቃ ይሆናል። ኢየሩሳሌም የሚገኘው የይስሐቅ ናቮን ጣቢያ 80 ሜትር ያህል ከምድር በታች ስለሆነ፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ፀሐይ የሚወጣበት ጊዜ በጉዞው አይቆጠርም። በስግድ በዓል ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ቄሶቻችን ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ መቆም እንዲችሉ የፉርጎው ጣሪያ ከፍ ይላል።

አንቀጽ 6፦ ከቤት እስከ ጣቢያ

የአዋጁ ኀላፊነት ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ላለው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ቴል አቪቭ ለጽዳት ሥራ ለመድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሐይፋው ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር የምትነሣ እናት በአንቀጽ 2 መሠረት «መንገደኛ» ስለሆነች፣ ጉዳይዋ በሌላ አዋጅ ይታያል። ሌላው አዋጅ የሚወጣው ይህኛው ሲፈጸም ነው። «ልጄ፣ የምድር ውስጡ ይቆየኝ፤ ፌርማታዬ ላይ በጊዜ የሚመጣ አውቶቡስ ስጡኝ» በማለት ያቀረበችው አቤቱታ፣ ራዕይ የጎደለው ስለሆነ ውድቅ ተደርጓል።

አንቀጽ 7፦ ሰንበት

ባቡሩ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ምሽት አይሄድም። በሰንበት አውቶቡስ ከማይጠፋባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ሐይፋ በመሆኗ፣ የዚያን ቀን ፈጣኑ መጓጓዣ አውቶቡስ ይሆናል።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት

«መቼ ያልቃል?» ብሎ የጠየቀ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው አናት ያለውን ደረጃ ሁሉ በእግሩ ይወጣል። «ለባቡሩ ከሚታሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለማለዳ አውቶቡስ ቢውልስ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥፋቱ ከባድ ስለሆነ፣ የአጥኚው ኮሚቴ አባል ሆኖ ይሾማል፤ ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በየፌርማታው ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የመሠረት ድንጋዩ በሥራ ቀን ማለዳ በክብር ይቀመጣል። ለክብር እንግዶች ጥቁር መኪኖች መንገድ ስለሚዘጋ፣ የዚያን ዕለት አውቶቡስ የለም።