ሊጥ በባጃጅ

ቅዳሜ ከሰዓት ለማግስቱ ማኅበር እንጀራ እየተጋገረ ሳለ መብራት ጠፋ። ጎረቤት ጋ አለ፣ እኛ ጋ ብቻ ነው የጠፋው፤ የቆጣሪው ካርድ አልቋል። እህቴ ሊጡን አዙራ አክንባሎውን ገና መግጠሟ ነበር። ምጣዱ ገና በቅጡ ሳይግል ስለቀዘቀዘ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ልሙጥ ሆኖ ቀረ።

ካርዱን ይዤ ወደ መሙያው በረርኩ። ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቷል፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትላለች። ሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ አብሲት ከገባበት በኋላ በሐዋሳ ሙቀት እየኮመጠጠ ነው የሚሄደው። ባልዲውን ጭነን ከመናኸሪያ አቶቴ፣ አክስታችን ቤት ድረስ በባጃጅ መሄድ ግድ ሆነ።

የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ባልዲውን በጉልበቱ መሃል አጥብቆ ይዞ ኮብልስቶኑ ባነጠረን ቁጥር ክዳኑን ይጫናል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሊጥ በኪሎዋት ቢሰላ ስንት ይሆናል?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። «ምግብና መብራትን ምን አገናኛቸው?»

የሚያገናኛቸው ጉልበት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል፣ አንድ ኪሎካሎሪ 4,184 ጁል ነው፤ ሲካፈሉ 860 ይመጣል። ቆጣሪው አንድ ኪሎዋት ሰዓት በቆጠረ ቁጥር 860 ኪሎካሎሪ ተበላ ማለት ነው። ልጁ ራሱ ለማስላት ሲሞክር ያምታታው መጽሐፉ ላይ ያለው ካሎሪ ነበር። እሱ አንድ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቀው ትንሹ ነው። የምግብ ካሎሪ የሚባለው ግን ሺህ እጥፉ፣ ኪሎካሎሪው ነው። ይህቺን ሺህ መርሳት ስሌቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል።

የተቦካው አምስት ኪሎ ጤፍ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ኪሎካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ እርሾው የሚወስዳት ትንሽ ብትቀነስም፣ ባልዲው ውስጥ 18,350 ያህል አለ። ለ860 ሲካፈል ከ21 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። በቀን 2,100 ኪሎካሎሪ የሚበላ ሰው ደግሞ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ለ24 ሰዓት ስታካፍሉት 100 ዋት።

«ይሄ ሁሉ ሩጫ በ100 ዋት?» አለ ሹፌሩ፤ እውነትም የሚደንቅ ነው።

አቶቴ ልንደርስ ስንል ጉብታው አንስቶ ጣለን። ክዳኑ ተንሸራተተና ሊጡ በልጁ ሱሪና በእኔ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ሹፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ፣ ከወንበሩ ሥር ጨርቅ አወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ጠረገ። «አይዟችሁ፣ እህል ነው፣ አያቆሽሽም» አለን። ስንወርድ ለማጠቢያ ብዬ የጨመርኩለትን «የማኅበር አይደል እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ማታም ሊመልሰን ቃል ገባ።

አክስቴ ምጣዷን አሰሰች። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባሉ። በ3.5 ሂሳብ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 6,020 ኪሎካሎሪ ነው፤ እንጀራው የያዘውን ጉልበት ሲሶ የሚያህል ለመጋገሪያ ሄደ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የሚነዳባት ብዙ ነው፤ ሳይደክም 100 ዋት እያመነጨ የሚነዳ ሰው ይህን ለማውጣት 70 ሰዓት ፔዳል መርገጥ አለበት። ምጣዱ ከሚስበው ውስጥስ ስንቱ ሊጡ ጋ ይደርሳል? እጃችሁን ከምጣዱ ጎን ጠጋ አድርጉት፤ ሙቀቱ በጎንና በሥር እየወጣ ነው። ለማገዶው ምርጥ ምድጃን የመሰለ ቆጣቢ ተሠርቷል። ለኤሌክትሪኩም ሥሩንና ጎኑን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ደህና አድርጎ መድፈን እናቶችን ከወጪ፣ መስመሩንም ከጫና ያሳርፋል። ምጣድ ሠሪዎቻችን ቢያስቡበት እላለሁ።

አክስቴ በራሷ መንገድ ደርሳበታለች። አንዱን አውጥታ ሳትውል ሳታድር ሌላውን ታዞራለች፤ ሊጡ ሊያልቅ ሲል ሶኬቱን ነቅላ የመጨረሻዎቹን በግለቱ ትጋግራለች። ልጁ ሰዓቱን ያዘ። ምጣዱ ያለ መብራት የጋገረው አሥር ደቂቃ ያህል ነበር።

«500 ኪሎካሎሪ ቆጥበሻል፣ እማማ።»

«በእንጀራ ስንት ነው እሱ?»

«የአንድ ሰው ራት ይሆናል።»

«እንግዲያው ለባጃጁ ልጅ ቋጥሩለት» አለች። ወጡንም ከመሶቡ ሥር ካለው ድስት ራሷ ጨለፈችለት።