ጌታው ሞካሪ

እንኳን ደስ አላችሁ፣ የሩጫ መከራ አብቅቷል። ድሮ አንድ ሰው ሯጭ ለመባል ወፍ ሳይንጫጫ መነሣት፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ከብርድ ጋር መታገል፣ ዳገቱን ሲገፋ ሳንባው እየነደደ «ምን ቆርጦኝ ገባሁበት» ማለት ነበረበት። ይህን ለዓመታት ደጋግሞም ስሙን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ዛሬ ያ ሁሉ ጣጣ ቀርቷል። ጫማ ይገዛል፤ ጫማው ይሞከራል፤ ስለ ጫማው ይወራል። ሩጫው እግረ መንገድ ከመጣ ይመጣል፤ ባይመጣም ማንም ቅር አይለውም።

የዚህ አዲስ ሥርዓት ባለማዕረግ ጌታው ሞካሪ ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ራሳቸውን የሚጠሩት «የረጅም ርቀት አትሌት» እያሉ ነው። ርቀቱን የሚጠራጠር ካለ ከመኝታ ቤታቸው እስከ ሳሎኑ የተደረደረውን የጫማ ካርቶን ይራመደው።

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወጥታ አገር ቁርሱን በልቷል። ሌሊት ልምምድ የወጡት ወጣቶች ጨርሰው፣ ላባቸውን በሹራባቸው እጅጌ እየጠረጉ፣ ታክሲ ወደሚገኝበት ቁልቁል እየወረዱ ነው። ጌታው አይቸኩሉም። የመኪናቸው ኋላ ይከፈታል። ሦስት ጥንድ ጫማ አለ፤ አንዱ ለዳገት፣ አንዱ ለቁልቁለት፣ አንዱ ለፎቶ። ቀጥሎ ደም ያዘዋውራል የተባለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው ካልሲ ይጎተታል። እሱን ለማጥለቅ የሚደረገው ትግል ማሟሟቂያ ተብሎ ይመዘገባል። ደረታቸው ላይ የልብ ምት ቆጣሪ፣ ወገባቸው ላይ ጄል የተሰካበት ቀበቶ ይታሰራል። ይህ ጄል የተሠራው ማራቶን ላይ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ስንቁ ላለቀበት ሰውነት ነው። ጌታው ግን ከመኪናው ሳይርቁ አንዱን ይመጡታል። ጣዕሙም መሞከር አለበታ!

ከዚያ ሰዓቱ አለ። ሰዓቱ እንዴት እንዳደሩ ያውቃል፤ ትናንት ማታ ምን እንደጠጡም ሳይጠረጥር አልቀረም። አሰልጣኝ ቢያዛቸው «አንተ ማነህ?» የሚሉት ሰው፣ ሰዓቱ «ዛሬ ዕረፍት ያስፈልግዎታል» ካላቸው እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀብለው ወደ ማኪያቷቸው ይመለሳሉ። ሰዓቱ ደግሞ ደግ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን እንዲህ ይላቸዋል።

ሲፈቅድላቸው ይነሣሉ። ከበሩ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ በሶምሶማ፣ ከመታጠፊያው እስከ ዛፉ በርምጃ፤ እዚያ ላይ ቆመው ስልኩን ያወጣሉ። «ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት…» ይጀመራል። ጫማው ተረከዙ ላይ ለስላሳ፣ ጣቱ ላይ ፈጠን ያለ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቁጥብ መሆኑን እንሰማለን። ከመሬት ጋር «ይነጋገራል»፤ ግን «የመጨረሻውን ቃል ለእግር ይተዋል»። የይርጋጨፌ ቡና ቀማሽ እንኳ እንዲህ አይራቀቅም፤ እሱ ቢያንስ ስኒውን ይጨርሳል።

ፍርዱም ይከተላል። ዛሬ ትንፋሽ ያጠራቸው ጫማው ስለከበደ ነው። ባለፈው ሳምንት ያጠራቸው ጫማው ከመጠን በላይ ስለቀለለ ነበር። ከዚያ በፊት ካልሲው፣ ከዚያም በፊት ቁምጣው። አንድ ጊዜ ነገሩ የማይመለከተው የፀሐይ መነጽር ሳይቀር ተከሷል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ የዛሬው ዳውላ በዶላር የሚገዛ መሆኑ፣ አህያውም ራሱ ዱላውን ይዞ መፍረዱ ብቻ ነው።

ለጫማው ግን ጠበቃ ልቁምለት፤ በደሉ በዝቷል። ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2017 ቬፐርፍላይን ሲያወጣ በስሙ ላይ «4 በመቶ» ብሎ የጨመረው እንዲሁ ለማማለል አልነበረም። ወፍራም ግን ቀላል ስፖንጅ፣ በመሐሉ የተቀበረ የካርቦን ዝርግ። በቤተ ሙከራ 18 ብርቱ ሯጮች በሰዓት 14፣ 16 እና 18 ኪሎ ሜትር እየሮጡ ሲለካ፣ በጫማው ምክንያት የሚያወጡት ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህ እውነት ነው። ይሁንና በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ማለት ማራቶንን በሦስት ሰዓት ገደማ መጨረስ ነው፤ ከተለኩት ፍጥነቶች ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነበር። ጌታው ይህን ፍጥነት አንድ ጊዜ ደርሰውበታል። ሱሉልታ ላይ ውሻ ሲያባርራቸው። ያን ቀን ያደረጉት ነጠላ ጫማ ስለነበር ግን ውጤቱ አልጸደቀም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል በእግሯ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝን ነበር። ከአንድ እንጀራ ይቀላል። ዋጋው ያኔ 500 ዶላር ነበር፤ አምራቹም ለአንድ ማራቶንና ጥቂት ለመላመጃ እንደተሠራ አልደበቀም። ጌታው ከዚህ ሁሉ ዜና የሰሙት 138ቷን ብቻ ነው። ሴትዮዋ በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጠች መሆኗን፣ ከሁለት ዙር ሩጫ ተነሥቶ 42 ኪሎ ሜትር ላይ ለመድረስ ምን ያህል አስፋልትና ኮሮኮንች መጨረስ እንዳለበት አልሰሙም። ካርቶኑ ላይ አልተጻፈማ። በማግሥቱ የወጥ ቤቱን ሚዛን ከበርበሬው አጠገብ አንሥተው የራሳቸውን ጫማዎች አንድ በአንድ መዘኑ። አንዱ 60 ግራም ተርፎት ተገኘ፤ ተባረረ። ሚዛኑ ላይ ሌላ ነገር የመውጣት ሐሳብ ለማንም አልመጣም።

አንድ ሴንቲ ሜትር ትልቅ ዋጋ የምታስከፍላቸው ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ድሉ ተነጥቋል። ደንቡ የሚፈቅደው የሶል ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእሱ 5 ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ሰዓት በላይ የፈሰሰ ላብ በአንድ ሴንቲ ሜትር ተሰረዘ። ጌታው ይህን ታሪክ በተመስጦ ይተርኩታል፤ የራሳቸው ጫማ 39.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ «እኔ ደንብ አከብራለሁ» ብለው ይጨምሩበታል። አያስቡ፣ ጌታዬ። እርስዎ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ዳኛው ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚጠብቀው አበበ ቢቂላን እንድጠራ ነው። እጠራዋለሁ፤ ግን እንደ ልማዳችን ጫማን ለማሳፈር አይደለም። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የቀረበለትን ጫማ አጠለቀው፣ አልተመቸውም፣ አወለቀው፣ 2:15:16 ገብቶ አሸነፈ። ቶኪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባና ደገመው። ጫማን አልጠላም፣ አላመለከም፤ ከተመቸው ያደርገዋል፣ ካልተመቸው ያወልቀዋል። ሙከራው በዚሁ አለቀ። ጌታው ቢሆኑ ኖሮ ሮም ላይ ሦስት ክፍል ያለው ማብራሪያ እየቀረጹ ሳለ ውድድሩ ያመልጣቸው ነበር። ቶኪዮንማ ተዉት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ ገበር ገና ገበያ ላይ አልዋለም።

ሩጫው በዚህ መልኩ ድል ከተደረገ በኋላ ተራው የሳይክል ነው። ሳይክል ከሩጫ ይሻላል፤ የሚቀያየር ዕቃ ይበዛበታላ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚቀርብ ሳይክል ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደንግጓል። ጌታው የማይወዳደሩ ስለሆኑ ደንቡ አይመለከታቸውም፤ ስለዚህ ከ6.8 በታች ለመውረድ ቆርጠው ተነሥተዋል። ብሎኖቹን በቲታኒየም ብሎን አስቀየሩና 20 ግራም ቀነሱ። ለዚህ ክብር በዚያው ቀን ልዩ ክትፎ ተበላ።

ደግሞም ንፋስ አለ። አየር ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ክፉኛ እንደሚገፋ፣ ሳይክሉን እጥፍ ፍጥነት ላይ ቢያደርሱት የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ እንደሚሆን ጌታው በቃላቸው ያውቁታል። ከዚያ ግፊት አብዛኛውን የሚቀበለው ደግሞ ሳይክሉ ሳይሆን የነጂው አካል ነው፤ ይህቺን ግን በቃላቸው አላጠኗትም። ስለዚህ ጭራው ወደ ኋላ የሾለ ሄልሜት አድርገው በአዲሱ የሳይክል መንገድ ላይ ይወጣሉ። ፊት ለፊታቸው እጅ ለእጅ የተያያዙ ፍቅረኞች በዝግታ ይሄዳሉ፤ ከፍቅረኞቹ ፊት ጡጦ የያዘ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ እናት። ጌታው ጎንበስ ብለው ንፋሱን እየሰነጠቁ ከሕፃኑ ኋላ ይከተላሉ።

ጎማው ሲተነፍስ ያለው ትርኢት ለብቻው ነው። የመንገድ ዳር ጎሚስታው ጎማውን አገላብጦ፣ ጣቱን አስገብቶ ፈልጎ፣ «ጋሼ፣ ካላማዳሪው ተሰርቆ ነው እንዴ?» ይላል። ጌታው የዘመኑ ጎማ ያለ ካላማዳሪ እንደሚሠራ፣ ቀዳዳውን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ እንደሚደፍነው ያስረዱታል። ጎሚስታው በትሕትና ሰምቶ፣ «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አልደፈነውም?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በመመሪያው ውስጥ አልተገኘም። ጌታው ሳይክላቸውን በራይድ ጭነው ቤታቸው ገብተዋል።

በእውነት ዕቃ የሚፈትሽ ሰው ማየት የሚፈልግ ስኮትላንዳዊውን ግሬም ኦብሪን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኖርዌይ ውስጥ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የተቀመጠበትን ሳይክል የሠራው በእጁ ነበር፤ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የተነቀለ ኩሽኔታ ሳይቀር ገጥሞበታል። እሱም ሞካሪ ነበር እንግዲህ። ግን ሞክሮ ሲያበቃ ተቀመጠበትና ነዳው፤ ይህቺ ሁለተኛዋ ክፍል ናት ከኛ ጌታ የጎደለችው።

እስካሁን ጌታውን ብቻ ስወቅስ አምራቾቹን ዝም አልኩ። እነሱ እንዲያውም ብልሆች ናቸው። ድሮ ዕቃ ፈታሽ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ አሁን ከፍሎ የሚፈትሽ ሰው አግኝተዋል። ገና ያልበሰለውን ምርት ይገዛል፣ ያልተመቸውን ይነግራቸዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት የተስተካከለውን እንደገና ይገዛል። ከሞካሪዎቹ መሐል አፉ የጣፈጠው ደግሞ በነፃ ይላክለታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ በነፃ የመጣ ጫማ ላይ ጥፋት ያገኘ ሞካሪ እስከዛሬ አላየሁም። ቢበዛ «ቀለሙ ቶሎ ቆሻሻ ያሳያል» ይባላል፤ ይህም በብዙ ድፍረት።

ውሻው ጌታውን ባባረረበት በሱሉልታ ግን ማንም ያልጠየቃቸው ሞካሪዎች አሉ። ማናጀር ያላገኘ ልጅ፣ ወይ ከታላቅ አትሌት የተረፈ ወይ ስታዲየም ዙሪያ በድርድር የተገዛ ጫማ አድርጎ፣ ሶሉ አፉን ከፍቶ እስኪስቅ ይሮጥበታል። ሲስቅበት ጫማ ሰፊ ዘንድ ይወስደዋል፤ በወፍራም ክር ይዘጋለታል፤ በማግሥቱ ሌሊት ያንኑ አድርጎ ይወጣል። ጫማ እስከ የት እንደሚዘልቅ፣ የቱ ስፌት ቀድሞ እንደሚለቅ፣ ስፖንጁ ሲሞት የቱ አጥንት እንደሚያም እግሩ ያውቃል። ያን ዕውቀት ለመስማት ስልክ የደቀነበት የለም። እሱም ስለ ጫማው የሚያወራበት ትርፍ ትንፋሽ የለውም፤ ዳገት ላይ ነው።

የጌታው ዓመታዊ ክብር የሚውለው ኅዳር ላይ ነው፤ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው ይህ 10 ኪሎ ሜትር ለአብዛኛው ሕዝብ ሩጫ ሳይሆን የጎዳና ሠርግ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ፣ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ውሃ እየተራጨ ይሄዳል። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ወደ ፊት የሚያስኬደው እግር ሳይሆን ከኋላ የሚገፋው ነው። ጌታው እዚህ መሐል በካርቦን ጫማቸው ቆመዋል። ሳምንቱን ሙሉ «ለዚህ ቀን ጠብቄ ያቆየሁት» ሲሉ የከረሙት ጫማ ነው። አንድ ወጣት በደስታ ሲዘል ረገጠባቸው። ቀጥሎ በነጠላ ጫማ የመጡ አንዲት እናት እልል እያሉ አለፏቸው።

ማታ ላይ የተጠበቀው ማብራሪያ ወጣ። «ሰላም ወገኖች፤ ጫማው ከ10 ዘጠኝ ይገባዋል፤ አያያዙም ምላሹም ድንቅ ነው። የመንገዱ ዳገት ግን በደንብ ተሞክሮ የወጣ አይመስልም፤ አስተያየቴን ለአዘጋጆቹ ልኬያለሁ፤ ለቀጣዩ ዓመት ያስተካክሉታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»