መጠነኛ ስንት ነው?

«አባባ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርጉ» አለኝ የልጅ ልጄን የሚያህል ሐኪም። ጨው መጠነኛ፣ ቅባት መጠነኛ፣ አሁን ደግሞ እግሬም መጠነኛ! ስቅለት ዕለት እንኳ ቄሱ በወይራ ቸብ ቸብ አድርገው «41 ስገድ» ይሉኛል እንጂ «መጠነኛ ስገድ» ብለውኝ አያውቁም።

«መጠነኛ ስንት ነው?» አልኩት። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 2013 ያወጣው ልክ ነው አለኝ። 65 ዓመት ላለፈው ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ ስፖርት፣ በሳምንት 3 ቀን። ይኼኛውስ አይቸግረኝም። ከአየር ጤና መርካቶ በአውቶቡስ ስሄድ የምቆመው በአንድ እግሬ ነው፤ ሁለተኛውን የማሳርፍበት ቦታ የት ተገኝቶ!

የልጅ ልጄ በበኩሏ ስልኬ ላይ የእርምጃ መቁጠሪያ ጫነችልኝና «10,000 ካልሞላ አይቆጠርም» ትለኛለች። ይህች 10,000 እኮ ከሐኪም ቤት አልወጣችም! በንጉሡ ዘመን፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓኖች ወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ሲሸጡ «10,000 እርምጃ ቆጣሪ» ብለው ስም አወጡለት። እኔን ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት ሽቅብ የሚያስለፋኝ የሸቀጥ ስም ነው።

ሐኪሙ ሌላም መለኪያ ነበረው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃትዎ፣ ልኩ እሱ ነው። እሺ ብዬ አንድ ማለዳ ዳገቱ ላይ ቀረርቶ ሞከርኩ። በዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ ያውም በባዶ ሆድ! ሊስትሮው ብሩሹን አንጠልጥሎ አፈጠጠብኝ። አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየችኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ባለቤቴ በር ላይ ጠብቃ አፌን አሸተተች። ሃምሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ!

ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ትቼ ወሬውን ያዝኩ። ከጎረቤቴ ከሐጂ ጋር እንወጣለን፤ እሳቸውም ያንኑ ታዘዋል። ችግሩ ሐጂ ጨዋታ ሲጥማቸው ይቆማሉ፤ እኔንም ክንዴን ይዘው ያቆሙኛል። ትናንት የልጃቸውን የሠርግ ወጪ ከድንኳኑ ኪራይ ጀምረው ሲዘረዝሩልኝ ከበራችን ሳንርቅ 40 ደቂቃ ሞላ።

ደብተሬ ላይ «40» ብዬ መዘገብኩ። ሐጂም መዘገቡ።